የግራ ጎን ጭቃ

መጀመሪያ ማን ማን እንደነበርን ልናገር። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሰው እየተጨመረበት፣ አሁን አሁን ግማሹ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ያን ቀን ከእኛ ጋር ጭቃ ውስጥ የነበረ መስሏል። የነበርነው አምስት ነን። ስም አልጠራም። በብሎካችን ያለ ሰው ያለ ስምም ያውቀናል፤ ለማያውቀን ደግሞ ስማችን ምንም አይጨምርለትም።

አንደኛው ጋሼ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሁለተኛዋ ባለቤታቸው እትዬ ናቸው፤ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ ይሸጣሉ። ሦስተኛዋ ከእኔ በር ፊት ለፊት የምትኖረው፣ ተክለ ሃይማኖት የጫማ ሱቅ ያላት ልጅ ናት፤ ከእሷ ጋር በቃል ገጥሞ ያሸነፈ ሰው እስካሁን አላየሁም። አራተኛው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የማንም አለቃ አይደለም፤ ግን ቅዳሜም ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ስለሚወጣ ሁላችንም «አለቃ» እንለዋለን። አምስተኛው እኔ ነኝ። ብሎኩ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የሞቱ ስልኮችን እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ስፈታ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ፤ ካልሆነ ስገጥም አንዷ ትተርፋለች። ይህንንም የምጽፈው በዚያው መንገድ ነው።

እሁድ እሁድ አብረን እንሮጣለን። መጀመሪያ የምሮጠው ብቻዬን ነበር። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላም እንደ ሥራ ዘመናቸው ሳይነጋ ይነቁ ነበር፤ የሚነዱት አውቶቡስ ግን የለም። ይለብሳሉ፣ ጫማቸውን ያስራሉ፣ ከዚያ ወርደው ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ሱቄን ልከፍት ስወርድ «ደህና አደርክ?» ይሉኛል፤ ለምሳ ስወጣም እዚያው ናቸው። አንድ እሁድ ቱታ ለብሼ ሲያዩኝ «ወዴት ነው?» አሉኝ። «ልሮጥ ነው» አልኳቸው። ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ተነስተው ተከተሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አላየኋቸውም። ቀጥላ ጫማ ሻጯ መጣች፤ «ጫማውን እየሸጥኩ አለመሮጥ ደንበኛ ማታለል ነው» ብላ። አለቃን ያመጣው ሐኪሙ ነው።

የምንሮጠው እግር እየተከተልን ነው። ይህንን የተማርነው እንጦጦ ላይ እውነተኞቹን ሯጮች እያየን ነው። እነሱ ዛፍ ለዛፍ ሲሄዱ ጎን ለጎን አይሆኑም፤ በመስመር ነው። የፊተኛው ይመራል፤ የኋላው ዓይኑን ከፊተኛው ተረከዝ አያነሳም። ተረከዙ ወደ ቀኝ ካለ ወደ ቀኝ ነው፤ ከዘለለ መዝለል ነው። ለምን ብሎ መጠየቅ የለም፤ ጉድጓዱን የሚያየው የፊተኛው ነው። እኛም እንደዚያው ለመድን። የሚመሩት ጋሼ ናቸው። ከኋላቸው ጫማ ሻጯ፣ ከእሷ ኋላ አለቃ፣ መጨረሻ እኔ። ጋሼ እንደ ሹፌርነታቸው ሳይዞሩ ይናገራሉ፦ «ጉድጓድ!»፣ «ቀኝ!»፣ «ፌርማታ የለም፣ ቀጥሉ!»

አምና ክረምት ውሃ ጠፍቶ ጋሼ ጀሪካን ይዘው ሲወጡ እርጥቡ ደረጃ አዳለጣቸው። ሲወድቁ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ አንጓቸው ተሰበረ። ጄሶው እስኪወልቅ ድረስ አዝራራቸውን የሚቆልፉላቸው፣ ፊታቸውን የሚያጥቡላቸው፣ ምግብ የሚያጎርሷቸው እትዬ ነበሩ። ጋሼ እጃቸው ድኖ እንደገና ጫማ ማሰር ሲጀምሩ እትዬ ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ ግቢው ውስጥ፣ ጮክ ብለው ተናገሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁሉም ይስማ። አንድ ጊዜ ወድቀህ ብትመጣ ያንን ጫማ ለዘበኛው ነው የምሰጠው። ከዚያ በኋላ ሩጫ የሚባል ነገር በቤቴ አይነሳም።»

«ካልወደቅሁስ?» አሉ ጋሼ።

«ካልወደቅህ እስክታረጅ ሩጥ።»

«አሁን ምን ሆኜ ነው ታዲያ!» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን። እትዬ ግን አልሳቁም። ጋሼም ቆይተው ሳቃቸውን ሲተውት አየሁ፤ ሰውየው ወደዚያ ደረጃ ተመልሰው መቀመጥ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

የሰፈሮች ውድድር አለ የሚል ወረቀት አጥራችን ላይ የተለጠፈው የዘንድሮው ክረምት ሳይወጣ ነበር። ጫካ ለጫካ ነው የሚሮጠው፤ ከየሰፈሩ አራት አራት ሰው፤ ሰዓት የሚያዘው አራተኛው ሰው ሲገባ ነው። ጋሼ ወረቀቱን ቆመው ሲያነቡ አየኋቸው። በማግስቱ ሁላችንም ተመዘገብን። እትዬ ሲሰሙ አልተቆጡም። «እኔም እሄዳለሁ፤ በዓይኔ ሳላይ ወሬ አልቀበልም» ብቻ ነው ያሉት።

በዕለቱ ሚኒባሱ ውስጥ እትዬ ጥቁር ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ጋቢ ደርበው፣ ከፊት ተቀምጠዋል። ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ጫማ ሻጯ ወደ አለቃ ዞረች።

«አለቃ፣ ሆድህን ለብቻው አስመዘገብከው? አምስተኛ ሰው ነው ብለው እንዳያስወጡን።»

«ደንቡ አራት ሰው ነው የሚለው» አላት አለቃ፣ መነጽሩን እየጠረገ። «ስለ ሆድ የተቀመጠ አንቀጽ የለም።»

«ቲሸርትህንስ ቁምጣ ውስጥ ክተት የሚል አንቀጽ አለ?»

ጋሼ ከኋላ «ልጄ፣ ተይው፣ ዛሬ ጭቃው ያወጣዋል» አሏት። ከፊት ወንበር እትዬ ሳይዞሩ፦

«ጭቃ የሚባል ቃል እንዳልሰማ።»

መነሻው ላይ ስንቆም ዝናቡ ወረደ። ነጠብጣብ ሆኖ ጀምሮ የበረታ ዝናብ አይደለም፤ አንዴ ነው የተደፋው። ከፊታችን ያለውን ቡድን ጀርባ ማየት አቃተን። ሰው ሁሉ የተነጋገረ ይመስል በአንድነት ሳቀ፤ ፊሽካው ሲነፋ ግማሹ አልሰማውም። እኛም የሰማነው የጋሼን «ተነስተናል!» ነው።

የመጀመሪያው ዳገት ቀይ አፈር ነው። ጭቃው ከሶል ጋር ይጣበቃል፤ በሄድን ቁጥር ጫማችን እየከበደ መጣ። ጫማ ሻጯ ከሱቋ የመረጠችልን ጥርሱ ጠለቅ ያለውን ነው፤ ለድንጋይ ጥሩ ነበር፤ ጭቃውን ግን ጥርስ በጥርስ ይዞ አልለቅ አለ። አለቃ ከፊቴ እያለከለከ «ይህ ጫማ ዋስትና አለው?» ይላል። እሷ ደግሞ ሳትዞር «እግርህን አንሳው፣ ያኔ ዋስትና እሰጥሃለሁ!» ትላለች። ከግራም ከቀኝም ሰው ይወድቃል፤ ወጣቶች ናቸው፤ ወድቀው ይስቃሉ፤ ተነስተው ደግመው ይወድቃሉ። ጋሼ ግን አይወድቁም። ሥር ያለበትን፣ ሣር ያለበትን፣ ድንጋይ ብቅ ያለበትን እየመረጡ ይረግጣሉ፤ እኛም የረገጡበትን እንረግጣለን። ከእግራቸው ድምፅ እንደገባኝ፣ የማናውቃቸው የሌላ ሰፈር ልጆች ከኋላዬ ተሰልፈው እግሬን ይከተላሉ። አንዱ «ብራዘር፣ ሹፌራችሁ አራዳ ነው!» አለኝ። ኮርቼ ነበር። ከአለቃ ተረከዝ ላይ ዓይኔን ስለማላነሳ ግን ዞሬ አላየሁትም።

ጋሼ የወደቁት ቁልቁለቱ ላይ ነው። ቦታውን በትክክል ልጻፈው፦ መንገዱ ሁለት ወፍራም ባሕር ዛፎች መሃል ከገባ በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከእጥፋቱ ወዲያ ማዶ ውድድሩ የሚያልቅበት ሜዳ ይታያል። እዚያ እጥፋት ላይ ረጅም የባሕር ዛፍ ቅርፊት መንገዱን አቋርጦ ተኝቷል። የረጠበ ቅርፊት ሳሙና ነው። የጋሼ ግራ እግር ረገጠው፤ ሄደ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም። ሁለቱንም ደረታቸው ላይ አቅፈው በግራ ጎናቸው ወደቁና ትንሽ ተንሸራተው ቆሙ።

ሌሎቹ ልጆች አልፈውን ሄዱ። እኛ ሦስታችን ተንበረከክን።

«እጅዎስ? እጅዎን ያሳዩኝ ጋሼ» አለች ጫማ ሻጯ።

ቀኝ እጃቸውን አነሱት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉ፤ ዘረጉ። አንጓቸውን አዞሩ። ምንም አልሆነም። «ይመስገን» አልን። እሳቸው ግን አልተነሱም። በዝናቡ ውስጥ ተቀምጠው ግራ ጎናቸውን ተመለከቱ። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀይ ጭቃ ተለስኗል፤ ቀኝ ጎናቸው ደግሞ ከጉልበት በላይ ንጹሕ ነው።

«እጄ ደህና ነው» አሉ። «ጫማዬ ነው የሄደው።»

አለቃ «ዝናቡ ያጥበዋል» አለ። በእጁ አሸት አሸት አደረገው፤ ጭቃው ሰፋ እንጂ አልለቀቀም። ጋሼ «ተወው ልጄ» አሉት። ድምፃቸው ሌላ ሆነብኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው «ደህና አደርክ?» ሲሉኝ የነበረው ድምፅ ነው።

ጫማ ሻጯ አንዴ ቅርፊቱን፣ አንዴ የጋሼን ግራ ጎን አየች። ከዚያ የራስ መሸፈኛዋን አጥብቃ አሰረችና «ጋሼ፣ የወደቁት እዚህ ጋ ነው?» አለች።

«እዚያው ነው። ምነው?»

ቅርፊቱን ተሻግራ፣ ጋሼ የተነከሩበት ቦታ ላይ፣ አልጋ ላይ እንደሚተኛ ሰው ጋደም አለች። ተነሳች። ግራ ጎኗ እንዳለ ቀይ ሆኗል።

«አብደሻል?» አሉ ጋሼ።

«አላበድኩም። እርስዎ ብቻዎን ጭቃ ከሆኑ እርስዎ ወደቁ። አራታችንም ጭቃ ከሆንን መንገዱ ነው። አለቃ፣ ተኛ!»

አለቃ ቦታውን አየ። እኔን አየኝ። መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝ፤ ቲሸርቱ ቁምጣው ውስጥ መሆኑን ፈትሾ፣ እዚያው ጭቃ ውስጥ በጥንቃቄ ተኛ። በዚህ መሃል አንድ ቡድን ከላይ መጣ፤ የፊተኛው «ምን ሆናችሁ? ሰው ተጎዳ?» ብሎ ጮኸ።

«ማንም አልተጎዳም! በየተራ እየተኛን ነው!» አለችው ጫማ ሻጯ።

ልጁ ቆሞ ሊጠይቅ ፈለገ፤ የኋላዎቹ ገፍተውት አለፉ። የእኔ ተራ ሆነ። ጭቃው ከጠበቅሁት ይልቅ ይሞቅ ነበር። ስነሳ ጋሼ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «እብዶች! እብዶች ናችሁ!» እያሉ ተነሱ። «ተሰለፉ፤ ፌርማታ የለም!»

ሜዳው ላይ ከመጨረሻዎቹ ነበርን። እትዬ መስመሩ አጠገብ በጃንጥላቸው ሥር ቆመዋል። አላጨበጨቡም። ትንፋሻችን እስኪመለስ ጠበቁና ዙሪያችንን ዞሩ፤ ገበያ ላይ በግ እንደሚያይ ሰው።

«ቁሙ እስቲ በመስመር።»

ቆምን።

«ዙሩ።»

ዞርን።

«አራታችሁም በግራ?»

ያን ጊዜ ነው እርስ በርስ የተያየነው። አራታችንም ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ በግራ ብቻ፣ በአንድ ቀለም፤ ቀኛችን ደግሞ አልተነካም ማለት ይቻላል። እግር መከተል ለምዶብን፣ እንዴት እንደምንተኛ እንኳ አንዳችንም የራሳችንን አልመረጥንም። ከእኛ አጠገብ የሚገቡት ሯጮች አንዱ በቂጡ፣ አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በአፍንጫው ጭቃ ሆኗል።

አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ የመሬቱ አቀማመጥ ወደ ግራ ያዘነበለ ስለሆነ...»

«እነዚህስ በየት በኩል ነው የመጡት? በአውሮፕላን?»

«እነሱ...»

«አንድ ፍራሽ ላይ ነው የተኛችሁት?» ጫማ ሻጯ ሳቋ ሊያመልጣት አፏን ያዘች። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ። አንተ ብዙ አታወራም፤ ካወራህ ግን አታጎድልም። ወደቀ?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ጋሼ ቀደሙኝ።

«ልጁን ተይው። ወደቅሁ።»

ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይደበድባል።

«ቅርፊት ነው የጣለኝ» አሉ ጋሼ። «በግራ ጎኔ ወደቅሁ። እነሱ አልወደቁም። ለእኔ ብለው ነው የተኙት፤ እኔም አላስቆምኳቸውም።»

እትዬ ጃንጥላውን ለእኔ አቀበሉኝ፤ ከዚያ ከላያቸው ላይ በዝናብ የራሰውን ጋቢ አወለቁና አንዱን ጫፍ ለጋሼ ወረወሩላቸው። «ያዝ። ጭመቅ።»

ጋቢ የሚጨመቀው ለሁለት ነው። ጋሼ ወደ አንድ፣ እትዬ ወደ ሌላ ጠመዘዙ። ውሃው በመሃላቸው ወረደ። «አጥብቅ!» አሉ እትዬ። ዓይናቸው የጋሼ ቀኝ አንጓ ላይ ነበር። «ደግመህ!» ደገሙ። ጋቢው እንደ ገመድ እስኪጠነክር ጠመዘዙት፤ የጋሼ እጅ አልከዳቸውም።

«እሺ» አሉ እትዬ። «አሁን ጫማህን አውልቅ።»

«እትዬ...» ብላ ጀመረች ጫማ ሻጯ።

«አንቺ ዝም በይ። ቃል ቃል ነው።»

ጋሼ ቁጭ ብለው ማሰሪያውን ፈቱ። እትዬ ጫማውን ከነጭቃው ፌስታል ውስጥ ከተው ቋጠሩት። ሰውየው በካልሲ ሚኒባስ ገቡ። ልደታ እስክንደርስ ማንም አልቀለደም፤ አለቃ እንኳ ቲሸርቱ ቁምጣው ውስጥ አለመኖሩን ያወቀ አይመስለኝም።

በሳምንቱ ውስጥ ዘበኛውን ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እግሩን ነበር። የለበሰው ያንኑ የድሮ ቦቲውን ነው። ሐሙስ ዕለት እትዬ ድምፁ አልሰማ ያለ ስልክ ይዘው ሱቄ መጡ። የስልኩን ማዳመጫ ቀዳዳ በመርፌ ስጠርግ ቆመው ጠበቁ። ስመልስላቸው፦

«ብቻውን ወድቆ ቢሆን ጫማውን ለዘበኛው ሰጥቼው ነበር» አሉኝ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው እየሞከሩ ወጡ።

እሁድ ጠዋት ሦስታችን ወረድን። ጋሼ በነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቱታቸውን ግን ለብሰዋል። ማንም «እንሂድ» ማለት አልቻለም። አራተኛ ፎቅ መስኮት ተከፈተ። እትዬ አንገታቸውን አውጥተው ሰማዩን አዩ፤ ወደ እኛ አልተመለከቱም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ፌስታሉን በገመድ ቀስ እያደረጉ አወረዱት። ጫማው ታጥቦ ነበር፤ ሶሉ እንኳ በስንጥር ተፈልፍሏል።

«ደረቅ ነው ዛሬ» አሉ ከላይ። «ዝናብ ካለ አይወርድም።»

እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። እሁድ ጠዋት እኛ እዚያ መስኮት ሥር ቆመን እንጠብቃለን። የደመነ ቀን መስኮቱ አይከፈትም፤ ያኔ ጋሼን ከመሃላችን አድርገን በእግር እስከ ተክለ ሃይማኖት ደርሰን እንመለሳለን። ብራ ከሆነ ፌስታሉ ይወርዳል፤ ጋሼ ያስራሉ፤ እኛ እንሰለፋለን።

እኔ ያየሁት ይህን ነው። የጎደለኝም አለ። ጋቢው ሲጨመቅ ጃንጥላውን ይዤ የቆምኩት ከእትዬ ጀርባ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁም። ጫማ ሻጯ «ሳቃቸውን ነክሰው ይዘውት ነበር» ትላለች። አለቃ «አልቅሰዋል» ብሎ ይከራከራል፤ እሱ ግን በዚያን ሰዓት መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጋሼ ሲጠየቁ «እኔ የማየው ጋቢውን ነው» ይላሉ። እትዬን ደግሞ ደፍሮ የጠየቀ የለም። እዚያ ሜዳ ላይ ከሌላ ሰፈር የመጣችሁ፣ በዚያ በኩል ቆማችሁ የነበራችሁ፣ ወይም ቁልቁለቱ ላይ «ሰው ተጎዳ?» ብለህ የጮህከው ልጅ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ ያያችሁትን ጨምሩበት። የሳትኩት ካለም አርሙኝ፤ ብሎኩ ሥር ያለችው ሱቅ ውስጥ ነኝ።